ውሃ የምትፈራ ሴት ክሩዝ ትሂድ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። ባለቤትሽ ለአሥረኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችሁ ክሩዝ፣ ማለትም በትልቅ መርከብ ሽርሽር፣ እንሂድ ብሏል። አንቺ ዋና አትችዪም፤ ገንዳ ውስጥ እንኳ ከጉልበትሽ በላይ ገብተሽ አታውቂም። «እምቢ ብል ቅር ይለዋል፣ እሺ ብል በፍርሃት እሞታለሁ» ነው ያልሽው። እኔ እሺ ብዬ ሄጃለሁ፤ አልሞትኩም። ግን «ሂጂ፣ ምንም አይደል» ብሎ የሚመክርሽን ሰው አትስሚው። ውሃ ፈርቶ አያውቅም ማለት ነው።

ያደግኩት ቢሾፍቱ ነው፤ ያኔ ደብረ ዘይት ነበር የምንላት። ሐይቅ በሐይቅ በሆነች ከተማ ያደገ ሰው እንደ ዓሣ የሚዋኝ ይመስላል አይደል? እኛ ቤት እንዲያ አልነበረም። ሐይቆቹ ድሮ እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። ዳር ቆመሽ ትንሽ ገባ ስትዪ መሬቱ ከእግርሽ ሥር ይጠፋል። የጎረቤታችን ልጅ እንዲያ ሆኖ ቀረ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የእናቱ ጩኸት ዛሬም በጆሮዬ አለ። ከዚያ በኋላ እናቴ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ስትል ተረቱን እንደ ሕግ ነበር የምንሰማው።

ይህን ለባለቤቴ ነግሬው አላውቅም ነበር። አሥራ አራት ዓመት አብረን ስንኖር! በበጋ ኦሽን ሲቲ ስንሄድ እኔ አሸዋው ላይ ተቀምጬ ልብስ እጠብቃለሁ። «ፀጉሬን ገና መሠራቴ ነው» እላለሁ። የሐበሻ ሴት ፀጉር የማይሸፍነው ጉድ የለም። እሱም ምስኪን አምኖኝ፣ ሊያስደስተኝ ብሎ ክሩዝ ይዞልኝ መጣ። ኩሽና ቆሜ አለቀስኩ። የተደሰትኩ መስሎት ነበር።

ስለዚህ ቀብዱ ከመከፈሉ በፊት ንገሪው። «ውሃ ብዙም አልወድም» ብለሽ አታድበስብሺው፤ ቁርጡን ንገሪው። የምትፈሪው የትኛውን እንደሆነም ለራስሽ ለዪ። ጥልቀቱን ነው? ጨለማውን? ትንፋሽ ማጣቱን? የኔ፣ ታቹን አለማየት ነበር። ያን ካወቅኩ በኋላ ብዙ ነገር ለመምረጥ ቀለለኝ።

ለምሳሌ የመነሻ ወደብ። እኛ የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ማያሚ ድረስ መብረር ሳያስፈልገን ከባልቲሞር ተሳፈርን። ወደቡ አይ-95 ከሚባለው አውራ ጎዳና አጠገብ ስለሆነ መኪናችንን እዚያው አቆምን። ለፈሪ ሰው የባልቲሞር ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። መርከቡ ወዲያው ውቅያኖስ አይገባም። ቼሳፒክ ቤይ የሚባለውን 320 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ባሕረ ሰላጤ ይዞ ሌሊቱን ወደ ደቡብ ይወርዳል። ግራና ቀኝ የመሬት መብራት ይታይሻል። ውሃው የተኛ ነው። ለኔ ያ የመጀመሪያ ሌሊት መለማመጃ ሆነልኝ። ከባልቲሞር በጣም ግዙፎቹ መርከቦች አይነሱም፤ ባሕረ ሰላጤውን የሚያቋርጠው የቤይ ብሪጅ ድልድይ ከውሃው በላይ ያለው ክፍተት 56 ሜትር ያህል ስለሆነ አያልፉም። የኛው ሁለት ሺህ ሰው ገደማ የሚይዝ ነበር። እሱም ቢሆን ለኔ ፎቅ ቤት ነው።

ካቢን፣ የመርከቡን መኝታ ክፍል፣ ስትመርጡ ባልሽ ባልኮኒ ያለውን ይላል። ሁሉም ወንድ ይላል። ማስታወቂያው ላይ ጥንዶቹ ወይን ይዘው የሚቆሙት እዚያ ነዋ። እኔ እምቢ አልኩ። መስኮት የሌለው፣ መሐል ላይ ያለ፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ወሰድን። መርከብ ሲወዛወዝ እንደ ሚዛን ነው፤ ጫፍና ጫፉ ብዙ ይነሳል ይወድቃል፣ መሐሉ ትንሽ። ዋጋውም ይቀንሳል። በተረፈው ገንዘብ ዋና ተማርኩበት።

አዎ፣ ዋና። ቀልድ አይደለም። ከጉዞው ሦስት ወር በፊት የካውንቲው ገንዳ ውስጥ የአዋቂ ጀማሪዎች ክፍል ተመዘገብኩ። አስተማሪዬ ስድሳዎቹን ያለፉ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጬ እግሬን ብቻ ነክሬ ወጣሁ። እሳቸውም ምንም አላሉም። ሁለተኛው ቀን ፊቴን አስነክረው በአፍንጫዬ አየር አስወጡኝ። ሞኝ ነገር ይመስላል፤ የፍርሃቴ ግማሹ ግን እዚያ ነበር ያለው። ለካ ትንፋሼን አፍኜ ነበር የምደነግጠው። በአምስተኛው ሳምንት በጀርባዬ ተንሳፈፍኩ፤ የሴትዮዋ አንድ ጣት ከጀርባዬ ሥር ነበር። ጣታቸውን መቼ እንዳነሱት አላወቅኩም። እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ አለ፤ ገላዬ ታየ የሚለው ሐሳብም አያስጨንቅሽ። ሹሩባሽን ኮፍያ ይሸፍነዋል።

አሁን ወደ መርከቡ። የሄድነው በፈረንጆቹ 2023 ግንቦት ላይ፣ ለአምስት ሌሊት፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ወዳለችው ቤርሙዳ ነው። አክስቴ ከአዲስ አበባ ደውለው «ያ መርከብ የሚውጠው ቤርሙዳ?» አሉኝ። ምርቃት ስጠብቅ! ኖኣ የሚባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት እዚያ አካባቢ ከሌላው ውቅያኖስ የበለጠ መርከብ እንደሚጠፋ ማስረጃ የለም ይላል። ይህን አስረዳኋቸው። «እንግዲህ ታውቂያለሽ» ብለው ዘጉት። ግንቦትን የመረጥነው ደግሞ የማዕበሉ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆነ ነው። ፋሲካም አልፎ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ነበርን፤ ረቡዕና ዓርብ የጾም ነገር አላሳሰበንም። በጾም ከሄዳችሁ ማታ ለአስተናጋጁ «ነገ ቪጋን ነኝ» በይው፣ ያዘጋጅልሻል።

መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ሁሉም ተሳፋሪ በአደጋ ጊዜ የሚሰበሰብበትን ቦታ ሄዶ ማየት አለበት። ሰባት አጭርና አንድ ረጅም የጡሩምባ ድምፅ ከሰማሽ ወደዚያ ነው። አብዛኛው ሰው በእጁ መጠጥ ይዞ ቸኩሎ ያልፋል። እኔ ግን ላይፍ ጃኬት የሚያሳየውን ልጅ ይዤ ቀረሁ። ጀልባው ይበቃናል ወይ? ማታ መብራት ቢጠፋስ? ዋና የማይችል ሰውስ? ሳይሰለች መለሰልኝ። በ1912 ታይታኒክ ላይ 2,200 ያህል ሰው ተሳፍሮ ጀልባዎቿ መያዝ የሚችሉት 1,178 ብቻ ነበር። ዛሬ ሕጉ ጀልባውና ራፍቱ (በአየር የሚነፋው መንሳፈፊያ) ተደምሮ መርከቡ ላይ ካለው ሰው በላይ እንዲይዝ ያስገድዳል። ልምምዱ ከመነሳት በፊት ወይም ወዲያው ሲነሳ ይሁን የተባለውም ኮስታ ኮንኮርዲያ በ2012 ጣሊያን ላይ ተገልብጣ 32 ሰው ካለቀ በኋላ ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ስታወሪ «አታሟርቺ» ይልሻል። እኔን ያረጋጋኝ ግን ይሄው ነው። የተደበቀ ነገር ሲኖር ነው የምፈራው።

ከወደቡ ስንወጣ በኪ ብሪጅ ሥር አለፍን። ሰው ሁሉ ላይ ፎቅ ወጥቶ ፎቶ ያነሳል። በማርች 2024 ያንን ድልድይ የጭነት መርከብ ገጭቶ ጥሎት ስድስት ሠራተኞች ሲሞቱ፣ ዜናውን ቆሜ መስማት አቅቶኝ ተቀመጥኩ።

ሌሊት ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነቃሁ። መርከቡ አካሄዱን ቀይሯል። ከቤይ ወጥተን ውቅያኖስ መግባታችን ነበር። እዚያ የቤዩ አፍ ላይ ያለው ሌላ ድልድይ በመሐል ወደ ባሕር ሥር ዋሻ ይገባል፤ መኪና ከታች፣ መርከብ ከላይ ነው የሚያልፈው። ቀን ላይ ሳነበው ገርሞኝ ነበር። በጨለማ ሳስበው ግን ላብ አጠመቀኝ። ባለቤቴን ቀሰቀስኩት። «ተነሽ» ብሎ መሐል ወዳለው ትልቁ ደረጃ ወሰደኝ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን፤ እሱ በፒጃማ፣ እኔ በነጠላ። የቢሾፍቱን ታሪክ ከነዝርዝሩ የነገርኩት ያኔ ነው። ቤት ውስጥ ባጭሩ ነበር ያልኩት። እሱም በተራው ልጅ ሆኖ ያጣውን ወንድሙን አነሳልኝ፤ በአሥራ አራት ዓመት አንዴ ስሙን ጠርቶት አያውቅም። የጽዳት ሠራተኛው ሁለቴ አልፎን «ሰላም ናችሁ?» አለ። ሰው ስለ ክሩዝ ፍቅር ሲያወራ ስለ ሻማና ስለ ጀንበር መጥለቂያ ነው። ለኔ ያ ደረጃ ነው።

በማግስቱ ገልፍ ስትሪም የሚሉትን ሞቃት የባሕር ጅረት አቋረጥን። እዚያ መርከቡ በደንብ ወዘወዘን። ማን ቢታመም ጥሩ ነው? ክሩዙን ያመጣው ሰውዬ! የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ለካ እሱም ዋና አይችልም። ዓይን የቆመ ግድግዳ እያየ ጆሮ እንቅስቃሴ ሲሰማው ነው ሆድ የሚገለባበጠው። እኔ ተነስቼ እንግዳ መቀበያ ወርጄ ክኒን ጠየቅኩ፤ አረንጓዴ ፖምና ደረቅ ብስኩትም ሰጡኝ። ከዚያ ደግፌው ውጭ ወጣን፣ ሩቁን አድማስ እንዲያይ። ለሃያ ደቂቃ ያህል የመርከቡን አጥር ይዤ ቆሜያለሁ። ውሃውን እያየሁ መሆኔ ትዝ ያለኝ ሲሻለው ነው። አንቺ ዝንጅብል ያዢ። ክኒን ከሌላ መድኃኒት ጋር የምትወስጂ ከሆነ ግን ሐኪምሽን ጠይቂ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ካቢኑ ቲቪ ላይ መርከቡ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ቻናል አለ። አትክፈቺው። ከሥራችን ያለው ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር ጥልቀት ነው፤ ማወቁ ምንም አይረባሽም።

ቤርሙዳ ላይ ሆርስሹ ቤይ ሄድን። አሸዋው ሮዝ ነው፤ ቀይ ቅርፊት ያላቸው ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ስባሪ ተቀላቅሎበት ነው። ዋናው ዳርቻ ላይ ማዕበሉ ይጎትታል፣ እዚያ አልገባሁም። አጠገቡ በድንጋይ የተከለለ፣ ሕፃናት የሚጫወቱበት ትንሽ ቦታ አለ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ታቹ ይታያል። እስከ ደረቴ ገባሁ። በጀርባዬ ተኛሁ። ጨዋማ ውሃ ከገንዳው ይልቅ ያነሳል። ባለቤቴ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ «በቃሽ፣ ነይ ውጪ» ይለኛል!

ስለ ወረቀት ባጭሩ። መርከቡ ከአሜሪካ ይወጣል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ግሪን ካርድ ያለው ግሪን ካርዱንም ፓስፖርቱንም ይዞ፣ የሚሄድበት አገር ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ያጣራ። የጥገኝነት ጉዳዩ ያልተወሰነለት ሰው ግን አድቫንስ ፓሮል የሚባለው ወጥቶ የመመለሻ ፈቃድ ሳይኖረውና ጠበቃውን ሳያማክር መርከቡን አይርገጥ። ቲፕም በቀን በሰው ከ15 ዶላር በላይ ሒሳባችሁ ላይ ይጨመራል፤ በጀት ስታወጡ እንዳትረሱት።

እንግዲህ ለጥያቄሽ መልሴ፣ እምቢም እሺም ከማለትሽ በፊት አስቀምጠሽ ንገሪው ነው። ሦስት ወር ጊዜ ስጪኝ፣ ዋና ልሞክር በይው። ከሁለተኛው ክፍል በኋላም ገንዳው ካንገፈገፈሽ፣ ተራራ ላይ ያለ ሆቴል ያዙ፤ ማንም አይፈርድብሽም። ከሞከርሽው ግን አጭሩን ጉዞ ያዙ፣ ካቢኑም መሐል ላይ ይሁን።

እኛ ዘንድሮ እንደገና ቦታ ይዘናል፤ እሱ ከወዲሁ ክኒኑን ገዝቷል። ባልኮኒ ግን አሁንም አልወሰድኩም።