ቱግ ባይ ልጅ፣ ጥርስ ነካሽ አዋቂ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ ያርፋሉ፦ ልጆች ለምን ስሜታቸውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል? አንድ ሁለት ሰዎች ደግሞ ጥያቄውን ወደ ራሳቸው አዙረውታል። እነሱን በተለይ ወድጃቸዋለሁ። ሁሉንም አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ «ስልኩን አስቀምጪ» ስላልኳት ቱግ ብላ በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋችው። ከአንድ ሰዓት በኋላ እያንጎራጎረች ወጥታ «እማ፣ ይቺን ቪዲዮ እያት» ትለኛለች። እኔ እስከ ማታ ቆሽቴ ሲያር ነበር። ንቃኝ ይሆን?

መልስ፦ አልናቀችሽም፣ እህቴ። ለእሷ ነገሩ የምር አልፏል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ እነ ሪድ ላርሰንና ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት ታዳጊዎችና አዋቂዎች ፔጀር፣ ማለትም ጥሪ ሲደርሰው የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ፣ ይዘው ይውሉ ነበር። ፔጀሩ በጮኸ ቁጥር በዚያች ደቂቃ የሚሰማቸውን ይጽፋሉ። የታዳጊዎቹ ስሜት ከአዋቂዎቹ ይልቅ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ዝቅ ብሎ ይወርዳል፤ የሚለዋወጠውም ቶሎ ቶሎ ነው።

ምክንያቱ አንጎል ሁሉ ነገሩ እኩል ስለማይበስል ነው። ስሜትን የሚያቀጣጥሉት ክፍሎች፣ አሚግዳላ የሚባለውን ጨምሮ፣ በጉርምስና ጊዜ ቶሎ ይግላሉ። «ቆይ እስቲ» የሚለው፣ ከግንባራችን ጀርባ ያለው ክፍል ግን ዝግ ብሎ ነው የሚደርሰው። ሁለቱን የሚያገናኙት የነርቭ መስመሮች ማይሊን በተባለ ቅባት እየተሸፈኑ ሲሄዱ መልእክቱ ይፈጥናል። ይህ ዓመታት ይፈጃል።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ከውስጥ ድምፅ እንደሚጠፋ ልብ ብለሻል? የልጅሽ «ቆይ እስቲ» ያኔ ነው የደረሰው። ዘግይቶ። በዚያች ሰዓት በሩ ላይ ቆመሽ «ክፈቺ!» ብትዪ እንደገና ታቀጣጥያታለሽ። ተያት። ስትወጣ ቪዲዮውን እዪላት፣ ከዚያ «ስለ በሩ ግን እናወራለን» በያት። ስለገባን ብቻ በር ሲላተም ዝም እንበል ማለቴ አይደለም። ሰዓቱን እንምረጥ ነው የምለው።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። ለብቻዬ ስሆን አስቤ ነው የማደርገው። ጓደኞቼ ካሉ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ባለፈው ትልቅ አጥር ዘልዬ እግሬ ተሰበረ። አስመሳይ ነኝ?

መልስ፦ አይደለህም። ተመራማሪዎቹ ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡትን ጥናት ልንገርህ። 306 ሰዎች በሦስት የዕድሜ ቡድን ተከፍለው የመኪና ጌም ተጫወቱ። ቢጫ መብራት ሲበራ ታቆማለህ ወይስ ትነዳለህ? ገሚሶቹ ለብቻቸው፣ ገሚሶቹ ጓደኞቻቸው እያዩዋቸው። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ጓደኛ ሲኖር ድፍረታቸው በጣም ጨመረ። ከ24 በላይ የሆኑት ግን ሰው ኖረ አልኖረ ብዙም አልተለወጡ።

እውቀት አልጎደለህም ማለት ነው። በ16 ዓመት፣ ረጋ ባልክበት ሰዓት፣ አስተሳሰብህ ከአዋቂ ብዙ አይርቅም። ስሜቱ ሲግል ነው ልዩነቱ የሚመጣው። ስለዚህ ውሳኔህን ቀድመህ፣ ለብቻህ ሆነህ ጨርስ። አጥሩ ሥር ቆመህ አራት ልጆች «ፈራህ እንዴ?» ሲሉህ ማሰብ አይታሰብም። ማምለጫ ሰበብም አዘጋጅ፦ «እናቴ እየጠበቀችኝ ነው»። ውሸት ብትሆን እንኳ ለእንዲህ ያለው ቀን እፈቅድልሃለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 18 ሞላው። ከእንግዲህ አደገ ልበል?

መልስ፦ በሕግ አዎ። አንጎሉ ግን ገና ነው። ያ የፊተኛው ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን አያቆምም። በልደቱ ማግስት የሚለወጥ ነገር አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ 41 ዓመቴ ነው። ሥራ ቦታ ጨዋ ነው የምባለው፤ አለቃዬ ሲያመናጭቀኝ ጥርሴን ነክሼ አልፋለሁ። ቤት ገብቼ ልጄ ውሃ ሲደፋ ግን እጮሃለሁ። የእኔ አንጎል አልበሰለም?

መልስ፦ በስሏል፣ ወንድሜ። ደክሞት ነው። ጥርስ የነከስክበት ንዴት ደግሞ የትም አልሄደም። ጄምስ ግሮስ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን ደጋግሞ ፈትኖታል። ሰዎች የሚያስጨንቅ ፊልም እያዩ ስሜታቸውን እንዲደብቁ ሲታዘዙ ፊታቸው ይረጋል፤ ሰውነታቸው ግን ከውስጥ ይበልጥ ይጨነቃል። ነገሩን ገና ሲጀምር በሌላ ዓይን ያዩት፣ ለምሳሌ «ይህ ሰው ዛሬ ራሱ ጭንቅ ላይ ነው» እንደማለት፣ የምር ይቀልላቸዋል።

እንቅልፍህንም ጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት እንቅልፍ አጥተው ያደሩ ወጣት አዋቂዎች የሚረብሹ ሥዕሎች ሲያዩ አሚግዳላቸው በደንብ ከተኙት በ60 በመቶ ይበልጥ ተቀሰቀሰ። የፊተኛው ክፍል በእሱ ላይ ያለው ሥልጣንም ላልቶ ነበር። እኔም ባለፈው ሳምንት ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬ በተጠላለፈ የቻርጀር ገመድ ላይ ጮኼያለሁ። ገመዱ ዝም አለኝ። እሱም አናደደኝ።

ቤት ከመግባትህ በፊት ቆም በልና «ዛሬ አለቃዬ አናዶኛል» ብለህ ለራስህ ተናገረው። ስሜትን በቃል መጥራት ያበርደዋል። ጮኸህ ከተገኘህም ልጅህን ይቅርታ ጠይቀው።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመቱ ወንድሜ ከወር በላይ ይነጫነጫል። ኳሱን ትቷል፣ ሌሊት አይተኛም። እናቴ «ጉርምስና ነው፣ ያልፍለታል» ትላለች።

መልስ፦ እናትሽ ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናሉ። ዛሬ ግን አልስማማም። የጉርምስና ስሜት ይነድዳል፣ ይበርዳል። ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይበርድ የቆየ፣ እንቅልፍና የሚወደውን ነገር የነጠቀ ከሆነ የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል። ድብርት በዚህ ዕድሜ ሁልጊዜ በለቅሶ አይገለጥም፤ ብዙ ጊዜ በንጭንጭ ነው። ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት። ስለ ሞት ካወራ ዛሬውኑ፣ ለብቻውም አትተዉት። «እንዲህ ያለ ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል?» ብለሽ ብትጠይቂው ሐሳቡን አታስገቢበትም።

ጥያቄ፦ 67 ዓመቴ ነው። ድሮ ያንገበግበኝ የነበረውን አሁን ነገሬ አልለውም። ደነዘዝኩ እንዴ?

መልስ፦ ኧረ እማማ! የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ላውራ ካርስተንሰንና ባልደረቦቿ ሰዎችን ከአሥር ዓመት በላይ ተከታትለው ያዩት ይህንኑ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ስሜት ይረጋጋል። የቀረው ጊዜ ውድ ሲሆን ሰው የሚናደድበትን ይመርጣል። ትርፍ ካለዎት ለመጀመሪያዋ ጠያቂዬ ያውሷት፤ ማታ ማታ ቆሽቷ እያረረ ነው።