የጅማው ቀን ለምን በልቅሶ ያልቃል?

ጥያቄ፦ ከልጆቼ እናት ጋር ከተለያየን ሁለት ዓመት አለፈን። እሷ ሦስቱን ልጆች ይዛ አጋሮ ናት፤ እኔ ሥራዬም ኑሮዬም ጅማ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር በማግስቱ ለአንድ ቀን ወደ ጅማ አመጣቸዋለሁ። በገና ማግስት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስተን ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጣን፤ ከዚያ ሙዚየም፣ ጉማሬ ያለበት የቦዬ ረግረግ፣ ኬክ ቤት፣ በመጨረሻም ልብስ ልገዛላቸው የጅማው ገበያ መርካቶ ገባን። የ8 ዓመቱ ልጄ በሪሞት የሚሄድ መኪና ካልተገዛልኝ ብሎ መሬት ላይ ተንከባለለ። የ4 ዓመቷን ስንመጣም ስንመለስም አስመለሳት። የ13 ዓመቷ ቀኑን ሙሉ ዝም እንዳለች ዋለች። ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ሳደርሳቸው እናታቸውን ገና ሲያዩ አለቀሱ፤ እሷም «ምን አድርገህ ነው የመለስካቸው?» አለችኝ። ያን ሁሉ ብር አውጥቼ! ልጆቼ ምስጋና ቢስ ሆነው ነው ወይስ እናታቸው እየሞላቻቸው? ለፋሲካስ ቢቀርስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጉዞው አይቅር፤ ቀኑ ግን ይጠር። ከነገሩን ውስጥ ምስጋና ቢስነትም ሆነ የእናት ሹክሹክታ የሚያሳይ ነገር አላገኘንም። ያገኘነው አሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል የፈጀ ቀንና አምስት ቦታ ነው። የወራት ናፍቆት በአንድ ቀን ይካስ ሲባል ዕዳውን የሚከፍሉት የልጆቹ እግርና ሆድ ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ልቅሶው። አንድ ልጅ ቀኑን ሙሉ ራሱን ገትቶ ይውላል፤ ሕዝብ መሐል ነው፣ አዲስ ቦታ ነው፣ አባቱን ማስከፋት አይፈልግም። የለመደው በር ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ የተያዘ ነገር ይለቀቃል። ትምህርት ቤት ጨዋ ሆኖ ውሎ ቤት ሲገባ ጫማው አልፈታ ስላለው ብቻ የሚያለቅስ ልጅ ታውቁ ይሆናል፤ ያው ነው። በዚያ ላይ የእናቱን ቤት ሲያገኝ የአባቱን ያጣል። ስለዚህ በር ላይ የፈሰሰው እንባ እርስዎንም እናታቸውንም አይከስም።

ሰው ስላለፈ ነገር ሲያስታውስ የቆይታውን ርዝመት ብዙም አይቆጥርም፤ ጎልቶ የተሰማውንና መጨረሻውን ይይዛል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎች እጃቸውን 14 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ ነከሩ። በሌላ ዙር ያንኑ 60 ሰከንድ ጨርሰው 30 ሰከንድ ተጨመረባቸው፤ በተጨማሪዋ ጊዜ ግን ውኃው በአንድ ዲግሪ ያህል ሞቅ ተደረገ። የትኛው ይደገም ሲባሉ አብዛኞቹ የመረጡት ረጅሙን ነው፤ መጨረሻው ለዘብ ብሏላ። የእርስዎ ቀን መጨረሻ ላይ የነበረው ደግሞ መርካቶና የማታ ሚኒባስ ነው። ጠዋት ጅሬን ላይ የነበረው ደስታ እዚያ ሥር ተቀበረ።

ስለዚህ ለፋሲካው ከመጨረሻው ይጀምሩ። ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በበዓል ሰሞን መናኸሪያ እስኪሞላ መጠበቅም አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ለመድረስ ከጅማ 10 ሰዓት መነሳት ያስፈልጋል። ጠዋትም በ12 ሰዓት አያስነሷቸው። የ4 ዓመት ልጅ የቀን እንቅልፏ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለባት፤ በበዓል ዋዜማ ደግሞ በጊዜ የሚተኛ የለም። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢወጡ ይበቃል።

ማስመለሱ ክፉ ምልክት አይደለም። ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ለመኪና ሕመም ይበልጥ ይጋለጣሉ። ዓይኗ የሚያየው ከፊቷ ያለውን የማይንቀሳቀስ ወንበር ነው፤ የውስጥ ጆሮዋ ግን መኪናው ሲጠመዘዝ ይሰማዋል፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ሆድ ይገለበጣል። ፋሲካ ላይ ደግሞ የከፋው ቅቤ የጠገበው የጠዋት ዶሮ ወጥ ነው። ከጉዞው አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማ ደረቅ ዳቦ ወይም ትንሽ ድፎ በሻይ ትብላ፤ ዶሮው ሲመለሱ ይደርሳል። መስኮት ጥግ ሆና ወደ ፊትና ወደ ሩቅ ማየት በምትችልበት ያስቀምጧት፤ መስኮቱ ጥቂት ይከፈት፤ ስልክ በእጇ አይግባ። ታላቅ ወንድሟ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ የንብ ቀፎዎችን ይቁጠርላት፤ ቀፎ ለማየት ዓይን የግድ ወደ ውጭ ይወጣል። ሁለት ፌስታልና አንድ ቅያሪ ልብስ ግን በእጅዎ ይኑር፣ ሻንጣው ታች አይግባ።

ጅማ ሲደርሱ አንድ ዋና ቦታ ይበቃል። ጅሬን ከሆነ ጅሬን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከመሐል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ስለሆነ በባጃጅ ይውጡ፤ ልጆቹን በእግር ዳገት ማስወጣት ጉልበታቸውን በሩ ላይ መጨረስ ነው። በበዓል ሰሞን ክፍት መሆኑን በዋዜማው ይጠይቁ። ቃል ሲገቡም በእጅዎ ያለውን ብቻ ይግቡ። ቦዬ ላይ «ጉማሬ ታያለህ» የተባለ ልጅ ውኃ ብቻ አይቶ ሲመለስ አባቱ ዋሽቶታል፤ ጉማሬ ደግሞ ቀኑን ውኃ ውስጥ ተነክሮ የሚውል፣ ግጦሽ ሲመሽ የሚወጣ እንስሳ ነው። «ቦዬ እንሄዳለን፤ ከታየን እሰየው» ማለት ይበቃል። ምሳ 6 ሰዓት ላይ እንጂ ሲርባቸው አይሁን። ከምሳ በኋላ እርስዎ ቤት ገብተው ትንሿ ትተኛ። አንድ ሰዓት ተኩል ባከነ ብለው እንዳይቆጩ፤ ልጆች የአባታቸውን ቤት፣ ፍራሹን፣ የተንጠለጠለውን ፎጣ ሳያውቁ ከተማ ለከተማ መዞራቸው እንደ እንግዳ ያደርጋቸዋል።

አሁን ስለ መርካቶ። የደከመ ልጅ፣ ኬክ ብቻ የበላ ሆድ፣ በግራ በቀኝ የተደረደረ መጫወቻ፤ ከዚህ በኋላ ባይንከባለል ነበር የሚገርመን። ልብስ ካስፈለገ ቁጥራቸውን ጠይቀው ቀደም ብለው ብቻዎን ይግዙ። ልጁ ራሱ መግዛት ካማረው ጠዋት፣ ገበያ ሳይገቡ፣ 300 ብር በእጁ ይስጡት፦ «ይህ ያንተ ነው። የፈለግከውን ግዛ። ካለቀ አልቋል።» በራሱ ብር ዋጋ የሚጠይቅ ልጅ ሲደራደር ማየትም ደስ ይላል።

ከተንከባለለስ? ዝቅ ይበሉ፣ ዓይኑ ትክክል። «መኪናው ልብህን እንደወሰደው አይቻለሁ። ዛሬ አንገዛም። እዚሁ አጠገብህ ነኝ።» ከዚህ በላይ አያውሩ፤ የሚጮኽ ልጅ ምክር አይሰማም። ከሱቁ ፊት ዞር አድርገው ጥላ ሥር ውኃ ያጠጡት። ችግሩ በዙሪያው ያለው ሰው ነው፤ አንዷ እናት «ኧረ ግዛለት፣ በዓል አይደል!» ማለታቸው አይቀርም። የእርስዎን ልብ የሚያሸንፈው የልጁ ጩኸት ሳይሆን ይህ የሰው ዓይን ነው። ነገር ግን ለሩብ ሰዓት «አይሆንም» ብለው በመጨረሻ ከገዙ፣ ልጁ የተማረው የመኪናው ዋጋ የሩብ ሰዓት ልቅሶ መሆኑን ነው፤ በሚቀጥለው ያንኑ ይከፍላል። ስለዚህ ለመግዛት ካሰቡ በመጀመሪያው ጥያቄ ይግዙ።

«አምስት ደቂቃ ቀርቶናል» ማለት ለ4 ዓመቷ ትርጉም የለውም። «ሦስቴ ሮጠሽ ስትመለሺ እንሄዳለን» ይበሏት፤ ሦስቱንም አብረው ይቁጠሩ። ሕዝብ ሲበዛ ልጅ ይጠፋልና ጠዋት ሳይወጡ የለበሱትን ልብስ ፎቶ ያንሱ፣ በየኪሳቸው ስልክ ቁጥርዎ የተጻፈበት ወረቀት ይክተቱ፣ «ከጠፋሽ እንዳትፈልጊን፣ ባለሽበት ቁሚ፣ እኔ እመጣለሁ» ብለው ያስተምሯት።

ከሦስቱ ይበልጥ ያሳሰበችን የ13 ዓመቷ ናት። ትንሿን ማን አዘለ? የወንድሟን ጃኬት ማን ያዘ? እሷ ከሆነች ሽርሽሩ ለእሷ ሥራ ነበር። ደግሞ በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ከአባቷ ጋር መደሰት እናቷን እንደመክዳት ሊመስላት ይችላል፤ ዝምታው ለሁለታችሁም ታማኝ ሆና የምትቆይበት መንገድ ነው። «እናትሽ ስለ እኔ ምን ትላለች?» ብለው ጠይቀዋት ከሆነ ዳግመኛ አይጠይቁ። ትንሿ ስትተኛ ወንድምየው ከሚያምኑት ሰው ጋር ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ እርስዎና ታላቋ አቮካዶ ጁስ ልትጠጡ ውጡ። ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን፣ ወደ መንገዱ ዞራችሁ ተቀመጡ፤ ዓይን ለዓይን ካልተገጣጠሙ ወሬ ይቀላል። ካላወራች ጁሱን ጠጥታችሁ ተመለሱ፣ ዝምታውን በጥያቄ አይሙሉት።

ርክክቡ አጭር ይሁን። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ለእናታቸው ደውለው «10 ሰዓት እንነሳለን» ይበሏት፤ በር ላይ ደግሞ ሦስት ነገር ብቻ፦ ምን በሉ፣ ስንት ሰዓት ተኙ፣ ያመመው አለ ወይ። ባዶ እጅ መግባት ከከበደዎት ለቤቱ የሚሆን ብርቱካን ወይም ዳቦ ይበቃል። እሷ ያልፈቀደችውን ነገር ግን ለልጁ ገዝተው አይላኩ፤ ነገ የምትነጥቀው እሷ ናት፣ ክፉዋም እሷ ትሆናለች። ካለቀሱ «ደክሟቸዋል፣ ደህና እደሩ» ብለው ይሂዱ፤ በር ላይ የሚጀመር ክርክር የሚሰማው በሦስት ልጆች ጆሮ ነው።

ከጉዞው በፊት ሆዱን የሚቆርጠው፣ ትቶት የነበረው አልጋ ላይ መሽናት የተመለሰበት ወይም አልሄድም የሚል ልጅ ካለና ይህ ለሳምንታት ከዘለቀ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ቢቻል ከእናታቸው ጋር ተነጋግራችሁ ውሰዱት።

ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታትም አንድ ቀን መርጠው ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ለአሥር ደቂቃ ይደውሉ። «ናፈቃችሁኝ?» አይበሉ፤ ልጁን በመንገዱ ስንት ቀፎ እንደሚቆጥር ምን እንደሚገምት፣ ትንሿን ስትመጣ ቁርሷን ምን እንደምትፈልግ ይጠይቁ።