ሳጥኑ ላይ 165፣ ስክሪኑ ላይ 60፦ የጌም ሞኒተር ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የሞኒተር ጥያቄ በዝቶብኛል። ሱቁ ሁሉ «ጌሚንግ» የሚል ስቲከር ስለለጠፈ መሰለኝ። ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት ሁለት ቁጥሮችን እንለይ። ሪፍሬሽ ሬት ሞኒተሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ ይናገራል፤ የሚለካው በኸርዝ ነው። ኤፍፒኤስ ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ በሰከንድ ስንት ምስል ሠርቶ እንደሚያወጣ ነው። ሁለቱ በየፊናቸው ነው የሚሠሩት። ከታች ያለው ጣጣ አብዛኛው የሚመጣው ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው።

ጥያቄ፦ 165 ኸርዝ ሞኒተር ገዝቼ ስጫወትበት ሰነበትኩ። ከድሮው 60 ምንም ልዩነት አላየሁም። ተሸወድኩ እንዴ?

ሻጩን ከመውቀስህ በፊት ሴቲንጉን እይ። ዊንዶውስ አዲስ ሞኒተር ሲሰካበት ብዙ ጊዜ 60 ላይ ያስቀምጠዋል፤ ማንም ካልነካው እዚያው ይቀራል። ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርግና ዲስፕሌይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ግባ። 165ን ከዝርዝሩ ምረጥ።

ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለስ? ያኔ ኬብሉን ጠርጥር። ዲስፕሌይፖርት ካለህ እሱን ተጠቀም፤ 1.2 የሚባለው አሮጌው እንኳ 1440ፒ ጥራት ያለውን ምስል በ165 ኸርዝ ይሸከማል። ኤችዲኤምአይ 2.0 ግን 1440ፒ ላይ 144 አካባቢ ይቆማል፣ 4ኬ ላይ ደግሞ 60 ነው። ከመሳቢያ የወጣ የድሮ ዲኮደር ኬብል ከሆነማ ብዙም አትጠብቅበት። ኬብሉ የተሰካው ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሆኑንም አረጋግጥ። ሲሉት ያስቃል፣ ግን ካርዱን በውድ ገዝቶ ኬብሉን ማዘርቦርድ ላይ የሰካ ሰው ሞልቷል።

አንዳንድ ሞኒተር ደግሞ በተፈጥሮው 144 ነው። 165 የሚደርሰው በራሱ ሜኑ ውስጥ ኦቨርክሎክ የሚለው ሲበራ ነው። ጌሙ ውስጥም ኤፍፒኤስ 60 ላይ ተቆልፎ እንዳይሆን እይ።

ሁሉም ተስተካክሎ ካርድህ 70 ኤፍፒኤስ ብቻ የሚያወጣ ከሆነ ግን በሰከንድ የምታየው አዲስ ምስል 70 ነው። 165 ጣሪያው ነው፤ እዚያ የሚያደርስህ ካርዱ ነው።

ጥያቄ፦ ካርዴ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ነው። ዓይኔን የጣልኩበት ሞኒተር ላይ ፍሪሲንክ ይላል። ሻጩ «እሱ ለኤኤምዲ ነው፣ ጨምርና ጂ-ሲንክ ያለበትን ውሰድ» አለኝ። እውነቱን ነው?

ከ2019 በፊት ቢሆን እውነቱን ነበር። ያንተ ካርድ የኤንቪዲያ ነው፤ ኤኤምዲ ተፎካካሪው ካርድ ሠሪ ነው። ፍሪሲንክም ጂ-ሲንክም የሞኒተሩን ፍጥነት ከካርዱ ጋር የሚያስማሙ ናቸው።

ካርዱ እያንዳንዱን ምስል እኩል በሆነ ጊዜ አይጨርስም። አንዱ በ9 ሚሊሰከንድ ያልቃል፣ ቀጣዩ ፍንዳታ ያለበት ትዕይንት ከሆነ 14 ይፈጃል። ተራ ሞኒተር ግን ሰዓቱን ጠብቆ ከላይ ወደ ታች ይስላል። ግማሽ ላይ ሳለ አዲስ ምስል ከመጣ ከላይ አሮጌው፣ ከታች አዲሱ ይሆናል። ስክሪኑ መሀል ላይ የተቀደደ ይመስላል፤ ቲሪንግ የሚባለው ይሄ ነው። የድሮው መድኃኒት ቪ-ሲንክ ነበር። ካርዱን «ሞኒተሩ እስኪጨርስ ጠብቅ» ይለዋል። ቅዳዱ ይጠፋል፣ ግን ማውሱ ይከብዳል። ካርዱ ትንሽ ካረፈደም 60 የነበረው ወደ 30 ሊወርድ ይችላል።

ኤንቪዲያ በ2013 ነገሩን ገለበጠው፤ ሞኒተሩ ካርዱን ይጠብቅ አለ። ጂ-ሲንክ ብሎ ሰየመው። ያኔ ሞኒተሩ ውስጥ የራሱን ሞጁል (ተጨማሪ ቦርድ) ይፈልግ ስለነበር ዋጋውን ሰቀለው። በ2014 የስክሪን ደረጃዎችን የሚያወጣው ቬሳ ተመሳሳይ ሐሳብ አዳፕቲቭ ሲንክ በሚል ስም ዲስፕሌይፖርት 1.2ኤ ላይ ጨመረ። ኤኤምዲም ፍሪሲንክን በዚያ ላይ ሠራ፤ የተለየ ሞጁል የለ፣ የፈቃድ ክፍያ የለ። ኤንቪዲያ ለዓመታት አልቀበልም ብሎ ቆይቶ ጥር 2019 ላይ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ለአዳፕቲቭ ሲንክ ከፈተ። ከጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ጀምሮ ያሉ ካርዶች ከአዳፕቲቭ ሲንክ ሞኒተር ጋር መሥራት ጀመሩ። ያንተም እዚያ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ብቻ፦ በዲስፕሌይፖርት ይሁን። በኤችዲኤምአይ የሚሄደው ፍሪሲንክ የኤኤምዲ የራሱ ፈጠራ ስለሆነ ካርድህ አያውቀውም። በኤችዲኤምአይ 2.1 የመጣው ቪአርአር (ያው ሞኒተሩ ካርዱን የሚጠብቅበት ሐሳብ በኤችዲኤምአይ) ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ያለበት ሞኒተር ከሆነ ሌላ ወሬ ነው። ዲስፕሌይፖርት የሌለው ፍሪሲንክ ሞኒተር ከሆነ ግን ተወው። ካለው ፍሪሲንክን በሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ አብራ፣ ከዚያ ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ጂ-ሲንክን አብራ።

«ጂ-ሲንክ ኮምፓቲብል» የሚለው ስቲከር ፈተና ያለፈ ማለት ነው። መጀመሪያ ሲጀመር 400 ያህል ተፈትነው ያለፉት 12 ብቻ ነበሩ። ያላለፈ ሁሉ አይሠራም ማለት ግን አይደለም። እኔ ብሆን ለስቲከሩ ብዬ ብር አልጨምርም፤ ሱቁ ውስጥ አስበርቼ አየዋለሁ።

ጥያቄ፦ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ፣ በፒኤስ 4 ነው የምሠራው። ልጆቹ «144 ኸርዝ ሞኒተር ብታስገባ ፊፋው ይፈጥናል» እያሉ አስቸገሩኝ። ላስገባ?

ብርዎን ይያዙ። ፒኤስ 4 ከ60 ኸርዝ በላይ አያወጣም፣ ፕሮ የሚባለውም ቢሆን። አዳፕቲቭ ሲንክም የለውም። 144 ሞኒተር ላይ ቢሰኩት ፊፋው ያው ፊፋ ነው።

ልጆቹ ግን ዝም ብለው አያለቅሱም። «ኮንትሮለሩ ይዘገያል» ሲሉ ሰምተው ከሆነ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ሊሆን ይችላል። ቴሌቪዥን ምስሉን ለማሳመር ሲል ይዞ ያቆየዋል፤ አንዳንዱ ላይ መዘግየቱ ከ100 ሚሊሰከንድ ያልፋል። በ60 ኸርዝ አንድ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ ልጁ ሹት ብሎ ስድስት ምስል ካለፈ በኋላ ነው ኳሷ የምትነሳው። ሪሞቱን ያንሱና ፒክቸር ሞድ ውስጥ ጌም ሞድ የሚለውን ያብሩ። ቀለሙ ትንሽ ሊደበዝዝ ይችላል፣ ግድ የለም። ቤቱ ውስጥ ያለውን ቴሌቪዥን ሁሉ እንደዚያ ያድርጉ፤ በነጻ ነው።

ፒኤስ 5 ሲያስገቡ ወሬው ይለወጣል። እስከ 120 ኸርዝ ያወጣል፣ ቪአርአርም ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ አለው፤ ከ48 እስከ 120 ኸርዝ ባለው ክልል ይሠራል። ግን ስክሪኑ ኤችዲኤምአይ 2.1 ቪአርአር ሊኖረው ይገባል። ፍሪሲንክ ብቻ የሚል ሞኒተር ላይ የፒኤስ 5 ቪአርአር አይሠራም።

ጥያቄ፦ ካውንተር ስትራይክ 2 ከአዲስ አበባ ነው የምጫወተው። ላጉ ገደለኝ። 240 ኸርዝ ብገዛ ይቀንስልኛል?

ላግህ ፒንግ ከሆነ አይቀንስም። ፒንግ መልእክት ከቤትህ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው፣ ሞኒተርህ እዚያ ውስጥ የለበትም። ከዋይፋይ ወደ ኬብል ቀይር፣ ቅርብ ሰርቨር ምረጥ። የቤት ሰው ዩቲዩብ ሲከፍት የሚብስ ከሆነ ደግሞ መፍትሔው ከቤት ሰው ጋር መነጋገር ነው።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ነገር ብዙ አላውቅም። የ15 ዓመት ልጄ 144 ኸርዝ ሞኒተር አለው፤ አሁን ደግሞ 240 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። የሥራ ባልደረባዬ «የሰው ዓይን ከ60 በላይ አያይም» ትለኛለች። ማንን ልመን?

ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ አይመኑ። ባልደረባዎ የተሳሳተች ናት። ልጅዎ ሞኒተር ላይ የማውሱን ቀስት በፍጥነት ያሽከርክሩ፣ ከዚያ 60 ላይ አድርገው ይድገሙት። 60 ላይ ቀስቱ እየዘለለ የሚሄድ ይመስላል፣ 144 ላይ ይጠጋጋል። መነጽር አያስፈልገውም።

ልጁ ደግሞ ትንሽ እያጋነነ ነው። ከ60 ወደ 144 ሲኬድ በየምስሉ ያለው ጊዜ ከ16.7 ወደ 6.9 ሚሊሰከንድ ይወርዳል፤ 10 ያህል ተቀነሰ ማለት ነው። ከ144 ወደ 240 ሲኬድ የሚቀነሰው 2.8 ብቻ ነው። ከ240 ወደ 360 ደግሞ 1.4። ቁጥሩ እየሮጠ ሲሄድ ጥቅሙ እየቀጠነ ይመጣል። ያንንም ለማግኘት ኮምፒውተሩ በሰከንድ 240 ምስል ማውጣት አለበት። «ኤፍፒኤሱን አሳየኝ» ይበሉት፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቁጥር ማውጣት ይችላል። 110 ካሳየዎት ሞኒተሩ ይቆየው። ብሩ ለካርድ ይሁን ወይስ ለትምህርት ቤት ክፍያ፣ እሱ የእርስዎ ፋንታ ነው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ለወንድሜ አዲስ አበባ ሞኒተር ልልክለት ነው። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ፣ የኢትዮጵያ 50 ነው ይላሉ። ሞኒተሩ ይበላሻል?

የመብራቱ ኸርዝ እና የሞኒተሩ ኸርዝ ስም እንጂ ሥራ አይጋሩም። የዛሬ ሞኒተር መብራቱን መጀመሪያ ወደ ዲሲ ይቀይረዋል፣ ምስሉን በራሱ ሰዓት ያድሳል። 144ቱ አዲስ አበባም 144 ነው። አንቺ የምታዪው አዳፕተሩ ላይ ወይም ከሞኒተሩ ጀርባ የተጻፈውን ነው፤ «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ካለ የኛን 220 ይችላል። አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። ወንድምሽን የሚያሳስበው የቮልቴጁ መውጣትና መውረድ ነው፤ ስታቢላይዘር ይግዛ በይው።

ጥያቄ፦ ፍሪሲንክ ሳበራ ጨለማ ቦታ ላይ ስክሪኑ ብርሃኑ ይርገበገባል። ሳጠፋው ይተዋል። ሞኒተሩ ነው ወይስ ካርዱ?

የሞኒተርህ ፓነል (የስክሪኑ ዓይነት) ቪኤ ወይም ኦሌድ ይሆናል ብዬ ልገምት፤ እነሱ ላይ ነው ጎልቶ የሚታየው። ፓነሉ ብርሃኑ የተስተካከለው ለአንድ የተወሰነ ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ ቶሎ ቶሎ ሲዋዥቅ ጥላው ትንሽ ይደምቃል፣ ትንሽ ይጨልማል። ጠቆር ያለ ግራጫ ላይ ዓይን ቶሎ ይይዘዋል።

የሞኒተርህን ክልል፣ ማለትም ፍሪሲንክ ከስንት እስከ ስንት ኸርዝ እንደሚሠራበት፣ ፈልገህ እይ። 48–144 ከሆነና ጌምህ 48 አካባቢ የሚንገዳገድ ከሆነ መንስኤውን አገኘኸው። ኤፍፒኤስ ከ48 ሲወርድ እያንዳንዱ ምስል ሁለት ጊዜ እንዲታይ ይደረጋል፤ 40 ኤፍፒኤስ በ80 ኸርዝ ይታያል። በዚያ ድንበር ላይ ሲመላለስ ሞኒተሩ ከ48 ወደ 90ዎቹ ይዘላል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ የጌሙን ግራፊክስ ትንሽ ዝቅ አድርግና ከ60 በላይ እንዲረጋ አድርግ። ሎዲንግ ላይ ብቻ ከሆነ እለፈው። ኤፍፒኤሱ ረግቶም ከተርገበገበ ግን ዋስትናው ሳያልቅ መልሰው።

በነገራችን ላይ 48–75 የሚሉ ርካሽ ሞኒተሮች አሉ። ይህ ማባዛት እንዲሠራ ላይኛው ቁጥር ከታችኛው ቢያንስ እጥፍ መሆን ስላለበት እነሱ ላይ አይሠራም። ከ48 ስትወርድ ሲንኩ የለም። ካርድህ ደካማ ከሆነ ሲንኩ በጣም የሚያስፈልግህ ደግሞ እዚያ ጋ ነው፤ ለዚህ ነው የማልወዳቸው።

ጥያቄ፦ ጂ-ሲንክ በርቶ ቪ-ሲንክስ ይብራ ይጥፋ?

ጌሙ ውስጥ አጥፋው፣ ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ አብራው። ኤፍፒኤሱን ደግሞ ከሞኒተሩ ጣሪያ ትንሽ ዝቅ አድርገህ ቆልፈው፤ 144 ከሆነ 140 በቂ ነው። ጣሪያውን ከነካ ጂ-ሲንኩ ይለቅና የቪ-ሲንክ መዘግየት ይመለሳል። ሪፍሌክስ (የኤንቪዲያ መዘግየት መቀነሻ) ያለው ጌም ከሆነ ይህንን ራሱ ያደርግልሃል፤ 144 ላይ 138 አካባቢ ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ ጌም አልጫወትም። 144 ኸርዝ ለፊልምና ለኳስ ይጠቅማል?

ለፊልም አዎ፣ ትንሽ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። 144 ለ24 ሲካፈል ልክ 6 ይመጣል፤ እያንዳንዱ ምስል እኩል ጊዜ ይቆያል። 60 ግን እኩል አይካፈልም። ስለዚህ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር ይንተከተካል። ከአውሮፓ የሚመጣ የኳስ ስርጭት ደግሞ በአብዛኛው በሰከንድ 25 ወይም 50 ምስል ነው፣ እሱ ከ144ም ከ60ም ጋር አይገጥምም። ሞኒተርህ ዝርዝር ውስጥ 100 ኸርዝ ካለ ለጨዋታው ሰዓት እሱ ላይ አድርገው።