ኮምፒውተሩ ያነበበው የትኛውን ቺፕ ነው?

ጥያቄ፦ በጣና ዳር ላለው የወላጆቼ የቲማቲም መደብ ውሃ የሚስበውን ፓምፕ በየ6 ሰዓቱ ለ10 ደቂቃ የሚያበራ መቆጣጠሪያ፣ በፕሮግራም በሚታዘዘው አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ በአርዱዊኖ ኡኖ ሠርቻለሁ። ቦርዱን ለሌላ ሥራ ስለፈለግሁት፣ ኡኖን እንደ መጫኛ ተጠቅሜ ፕሮግራሙን ወደ ኤቲቲኒ85 ቺፕ ለማዛወር ሞከርሁ። ኮምፒውተሩ ግን የሚጠበቀው መለያ 1ኢ930ቢ ሲሆን የተገኘው 1ኢ950ኤፍ ነው ይላል። የተሸጠልኝ ሌላ ዓይነት ቺፕ ይሆን?
ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ

መልስ፦ ቺፑን ለሻጩ ለመመለስ አይቸኩሉ። 1ኢ950ኤፍ ኡኖ ላይ የተቀመጠው የኤቲሜጋ328ፒ ቺፕ መለያ ነው፤ ስለዚህ መልሱን የሰጠው ውጭ ያለው ቺፕ ሳይሆን ቦርዱ ራሱ ነው። ኮምፒውተሩ የዩኤስቢ ግንኙነቱን በከፈተ ቁጥር ኡኖ እንደ አዲስ ስለሚነሣ፣ በመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች የሚያነጋግረው «አርዱዊኖ አይኤስፒ» የተባለው የመጫኛ ፕሮግራም ሳይሆን ቀድሞት የሚነሣው ቡትሎደር (ቦርዱ ላይ ተጭኖ የመጣ፣ አዲስ ፕሮግራም የሚቀበል ትንሽ ፕሮግራም) ነው፤ እርሱም የራሱን ቺፕ መለያ ይናገራል። መፍትሔው ቦርዱ እንደ አዲስ እንዳይነሣ የሚያደርግ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነው፤ ፖዘቲቭ እግሩን ከኡኖ ሪሴት (ዳግም ማስነሻ)፣ ኔጋቲቩን ከግራውንድ ያገናኙ። ይህን የሚያደርጉት ግን አርዱዊኖ አይኤስፒን ኡኖ ላይ ከጫኑ በኋላ ነው፤ ካፓሲተሩ አስቀድሞ ከተሰካ ያንኑ ፕሮግራም እንዳይጭኑ ያግድዎታል።

ከዚህ በኋላ መለያው ዜሮ ብቻ ሆኖ ከመጣ ሽቦዎቹን ይመርምሩ። የኡኖ 10፣ 11፣ 12 እና 13 ቁጥር መሰኪያዎች እንደ ቅደም ተከተላቸው ከቺፑ 1ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛ እና 7ኛ እግር ጋር ይገናኛሉ፤ 8ኛው 5 ቮልት፣ 4ኛው ግራውንድ ነው።

ለእርስዎ ሥራ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የቺፑ ፍጥነት ነው። ኤቲቲኒ85 ከፋብሪካ ሲወጣ የውስጥ 8 ሜጋኸርትዙ ለ8 ተካፍሎ በ1 ሜጋኸርትዝ ብቻ ይሠራል። ስለዚህ በሶፍትዌሩ 8 ሜጋኸርትዝ መርጠው ፕሮግራሙን ብቻ ቢጭኑ፣ ለ10 ደቂቃ ያሰቡት ውሃ 80 ደቂቃ ይፈስሳል፤ ውሃ የተኛበት የቲማቲም ሥር ደግሞ ይበሰብሳል። ይህ እንዳይደርስ አስቀድመው የውስጡን 8 ሜጋኸርትዝ መርጠው ቡትሎደር የመጫኛውን ትእዛዝ አንድ ጊዜ ያስኬዱ፤ በዚህ አሠራር የትእዛዙ ዋና ጥቅም ፊውዝ የሚባሉትን የቺፑን ቅንብሮች ማስተካከል ነው። በስህተት የውጭ ክሪስታልን (ለቺፑ የፍጥነት ምት፣ ማለትም ክሎክ የሚሰጥ ክፍል) ከመረጡና ክሪስታል ካላገናኙ ቺፑ የሞተ ይመስላል፤ ሆኖም ከውጭ የክሎክ ምልክት ሲሰጡት ይነሣል። ሪሴትን የሚዘጋውን ፊውዝ ግን ፈጽሞ አይንኩት፤ አንዴ ከተዘጋ በ12 ቮልት በሚሠራ ልዩ መጫኛ ካልሆነ በቀር ኡኖ ሊከፍተው አይችልም።