ክሪሚኖሎጂ ለመማር ላሰባችሁ

ልጆቼ፣ ክሪሚኖሎጂ ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስቡት የጣት አሻራና የደም ጠብታ ነው። እሱ የፎረንሲክ ባለሙያዎች ሥራ ነው። የእኛ ትምህርት የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ሰው ሕግ የሚጥሰው ለምንድን ነው? አብዛኛው ሰውስ ለምን አይጥስም? ቅጣትስ ምን ይለውጣል? ለዚህ ሶሲዮሎጂ፣ ሥነ ልቦናና ሕግ ታነባላችሁ፤ ስታቲስቲክስም አለበት። ሒሳብ ሸሽታችሁ የምትመጡ ከሆነ ወዮላችሁ! እኔም የመጣሁት እንደዚያው ነበር።

ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ፖሊስ ጣቢያን መዝገብ ቆጥሬ «ስርቆት በአንድ ዓመት እጥፍ ሆኗል» ብዬ ጻፍኩ። መዝገቡን የሚይዙት አዛውንት ጽሑፌን አንብበው ፈገግ አሉ። «ሌባው አልበዛም፣ ልጄ። ጣቢያው ወደ ሰፈሩ ስለቀረበ የበዛው አመልካቹ ነው» አሉኝ። ተመራማሪዎች የፖሊስን መዝገብ ብቻ ሳያምኑ በየቤቱ እየዞሩ «ባለፈው ዓመት ምን ደረሰባችሁ?» ብለው የሚጠይቁት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከመዝገብ ይልቅ የሚያሳስት ደግሞ ቅን ልብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ አንድ ጥናት ተጀመረ። 506 ወንዶች ልጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ ተመሳሳያቸው ተፈለገላቸው፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ በዕጣ ለእርዳታ ተመረጠ። ለተመረጡት አማካሪ ቤታቸው ድረስ ይመጣል፣ ያስጠኗቸዋል፣ ያሳክሟቸዋል፣ ለክረምት ካምፕ ይልኳቸዋል። ይህን የሚቃወም ማን አለ? ጆን መኮርድ የተባለች ተመራማሪ እርዳታው ካበቃ ከ30 ዓመታት በኋላ ሰዎቹን ፈልጋ አገኘቻቸው። እርዳታውን ካገኙት ሁለት ሦስተኛው «ጠቅሞናል» አሉ። ከጥንዶቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ግን የተሻሉበት ነገር አልተገኘም፤ እንዲያውም ወንጀል በመደጋገም፣ በመጠጥ ሱስና በዕድሜ ማጠር የባሱት እነሱ ነበሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1978 ታተመ። ያ ሁሉ ድካም ለምን እንደጎዳ ዛሬም ያከራክራል። ንጽጽሩ ባይኖር ኖሮ ግን በምስክርነታቸው ብቻ ፕሮግራሙ ሲወደስ ይኖር ነበር።

እኔ ራሴ ይህን ካነበብኩ በኋላ የምወደውን አንድ የታራሚዎች ፕሮግራም «ከማን ጋር አነጻጸራችሁት?» ብዬ ስጠይቅ ወዳጆች አጥቻለሁ። እናንተም ታጣላችሁ።

ስለ ሥራ ትጠይቁኛላችሁ። ዲግሪው ብቻውን መርማሪ አያደርጋችሁም፤ ፖሊስ የራሱ ሥልጠና አለው። ተመራቂዎቻችን ማረሚያ ቤት፣ ጥናት፣ የተጎጂዎች ድጋፍና የመሳሰለው ውስጥ ይሠራሉ። ደመወዙ አያስጨፍርም።

ከማመልከታችሁ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ችሎት ገብታችሁ ተቀመጡ። ፊልም የሚመስል ነገር አታገኙም፤ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ምስክር ይቀራል፣ የተከሳሽ እናትና የተበዳይ እናት አንድ አግዳሚ ላይ ጀርባ ተሰጣጥተው ይጠብቃሉ። ወጥታችሁም ጥያቄው ካልለቀቃችሁ፣ ማመልከቻውን ሙሉ።