ለሁለቱም የሚያነቡት እርስዎ ነዎት

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። 3ኛ ክፍል ነው፤ ማንበብ ግን አልቻለም። «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» መለየት ይቸግረዋል። እንግሊዝኛውማ ጭራሽ አይነሳ። እስካሁን ሦስት የግል ትምህርት ቤት ቀያየርኩ። የመጨረሻው የቀየርኩት መምህርቷ ጠርታ «ልጁ ባለሙያ ይየው» ባለችኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ባለፈው ወር ደግሞ አታለለኝ። አንድ ገጽ ሳይሳሳት ሲያነብልኝ እልል ልል ደርሼ ነበር። ገጹ አልቆ ሳይገልጥ ማንበቡን ሲቀጥል ገባኝ። ለካ እህቱ ስታነብ ሰምቶ በቃሉ ይዞት ነው! አባቱ ምናለሽ ተራ ይነግዳል። ጎበዝ ሰው ነው፤ በትምህርት ግን አልገፋም። የባንኩንም የግብሩንም ወረቀት የማነብለት እኔ ነኝ። ይቆጣል ብዬ የልጁን ነገር አልነገርኩትም። የቤት ሥራውንም ማታ ማታ እኔ እሠራለታለሁ። እባክዎ ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት ይጠቁሙኝ።
እናቱ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ወደ ትምህርት ቤቱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን «አታለለኝ» ያሉት ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንድ ሙሉ ገጽ ሰምቶ በቃል መያዝ ስንት ልፋት እንደሚጠይቅ ያስቡት። ሰነፍ ልጅ ይህን አያደርግም። እኔ እንደሚመስለኝ የለፋው እርስዎን ለማታለል ሳይሆን ፊትዎ ሲፈካ ለማየት ነው። አንድ ቀን እንኳ እንደ እህቱ መታየት ፈልጎ ነው።

በደብዳቤ ብቻ ይህ ነው ብዬ አልፈርድም። የጻፉት ነገር ግን ዲስሌክሲያ ከሚባለው የማንበብ ችግር ጋር ይቀራረባል። ዲስሌክሲያ የማሰብ አቅም ማነስ አይደለም። አእምሮ ድምፅን ከፊደል ጋር ሲያገናኝ የሚገጥመው ችግር ነው። የእኛ 33 ፊደላት ሰባት ሰባት መልክ ስላላቸው 231 ቅርጽ ይሆናሉ። የግል ትምህርት ቤት ልጅ ደግሞ ከዚያው ጎን ለጎን የእንግሊዝኛውን ይማራል። ሌላው ልጅ እየዘመረ የሚጨርሰው ሀ ሁ ሂ ለእሱ ዳገት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዲስሌክሲያ ብዙ ጊዜ በዘር ይተላለፋል። እርስዎ በአንድ መስመር ያለፏቸው ባለቤትዎ ናቸው እኔን ያስቆሙኝ። ጎበዝ ነጋዴ ናቸው፤ ወረቀት ሲመጣ ግን ለእርስዎ ያቀብላሉ። ምናልባት የመማር ዕድል ስላላገኙ ብቻ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ እሳቸውም በልጅነታቸው መጽሐፍ ይዘው የተሸማቀቁ ልጅ ነበሩ። ከተሳሳትኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን ልክ ከሆንኩ፣ ይህን ልጅ ከማንም በላይ የሚረዳው ሰው እዚያው ቤት ውስጥ አለ። እርስዎ ደግሞ ነገሩን እየደበቁ ያሉት ከዚያው ሰው ነው።

ለባለቤትዎ ማንበብዎ ፍቅር ነው። ለልጅዎ መጻፍዎም እንዲሁ። ነገር ግን በቤታችሁ አለማንበብ የሚሸፈን ነገር ሆኗል። መምህርቷ ችግሩን በስሙ ልትጠራው ስትል ትምህርት ቤቱ ተቀየረ። ማታ ደብተሩ በእርስዎ እጅ ተሞላ። ልጁ ይህንን ሁሉ ያያል። «የእኔ ነገር የሚያሳፍር ነው» የሚለውን ማንም በቃል አልነገረውም፤ ከምታደርጉት ነው የተማረው። እንግዲህ እሱም መሸፈን ጀመረ፤ አንድ ገጽ በቃሉ ያዘ። እርስዎን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። ደክሞዎታል። ለሁለት ሰው ማንበብ ያደክማል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ለዚህ ችግር ብቻ የተቋቋመ ትምህርት ቤት ፍለጋ ከተማውን ባይዞሩ እመርጣለሁ። ለኦቲዝም እንደተቋቋሙት እንደ ጆይ ያሉ ማዕከላት ሥራቸው ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ እዚያው ከእኩዮቹ ጋር ሆኖ ቢደገፍ ይሻለዋል። የአካቶ ትምህርትም ሐሳቡ ይኸው ነው። አንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የልዩ ፍላጎት መምህርና የድጋፍ መስጫ ክፍል አላቸው። ስለዚህ «የመንግሥት ነው» ብለው ሳይንቁ ክፍለ ከተማችሁ ያለውን የትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ስላለው ባለሙያ ለማፈላለግ ጥሩ በር ነው። ከዚያ በፊት ግን ዓይኑና ጆሮው ይታይ። አሁን ያለበትን ትምህርት ቤት ዓመቱ ሳያልቅ አይቀይሩበት። ፈተና ሲፈተን ጥያቄው እንዲነበብለትና ጊዜ እንዲጨመርለት ይለምኑ። እሺ ላይሉ ይችላሉ፤ ቢሆንም ይጠይቁ። የቤት ሥራውን ግን ከዛሬ ጀምሮ አይሥሩለት። ያነብቡለት፣ እሱ በቃሉ ይመልስ፣ የቻለውን ያህል ይጻፍ። «በሦስት ወር አስነብባለሁ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ብርዎን ይያዙ። ይህ የዓመታት ሥራ ነው።

አንድ ምሽት ልጆቹ ሲተኙ ባለቤትዎን ይጠይቋቸው። ወቀሳም ምክርም ሳይጨምሩ፣ በልጅነታቸው «ተነስተህ አንብብ» ሲባሉ ምን ይሰማቸው እንደነበር ብቻ። ዝም ካሉ ይታገሷቸው። ይቆጣሉ ብለው የፈሩትን ያህል ላይቆጡ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ሁለታችሁም በአካል ወደ አንድ ባለሙያ ሂዱ። ልጁንም ይዛችሁት ሂዱ፤ ደብተሩ ግን ቤት ይቅር።