ሐሰተኛ ኖዶችን ለይቶ ማውጣት ወይስ ጥቅማቸውን ማሳጣት?

ጠያቂያችን ያነሡት፣ መዝጋቢ ማእከል በሌለው የአቻ ለአቻ ኔትወርክ (ኮምፒውተሮች እርስ በርስ በቀጥታ በሚገናኙበት) ውስጥ አንድ አጥቂ በሺህ የሚቆጠሩ ሐሰተኛ ኖዶችን (የኔትወርኩን አባል ኮምፒውተሮች የሚመስሉ) ይዞ ቢገባ እንዴት መለየት ይቻላል የሚል ጥያቄ ነው። ከልምዴ እንደማውቀው በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት አይቻልም። ተመራማሪው ጆን ዱሰር እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ሲቢል ጥቃት (አንድ አጥቂ ብዙ ማንነት ይዞ ስለሚፈጽመው ጥቃት) ባቀረበው ጽሑፍ ያሳየውም ማንነትን የሚያረጋግጥ ማእከል እስከሌለ ድረስ፣ ከእውነታ የራቀ ግምት ካልተወሰደ በቀር፣ ጥቃቱ ምንጊዜም የሚቻል መሆኑን ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ብዙ ማንነት መያዝ ለአጥቂው ምን ያስገኝለታል የሚለው ይመስለኛል።

በካደምሊያ (እያንዳንዱ ፋይል የት እንዳለ የሚጠየቁት፣ መለያ ቁጥራቸው ለፋይሉ ቁልፍ ቁጥር ቅርብ የሆኑ ኖዶች በሆኑበት ሥርዓት) ላይ የተመሠረተ አነስተኛ የፋይል ማጋሪያ ኔትወርክ ሳስተዳድር፣ አንድ ፋይል የያዙት ኮምፒውተሮች በሥራ ላይ እያሉ ፋይሉ ግን ሲፈለግ የማይገኝ ሆነ። ለፋይሉ ቁልፍ እጅግ ቅርብ የሆኑትን 20 ኖዶች አውጥቼ ስመለከት፣ የ19ኙ መለያ የመጀመሪያዎቹ አሥር አኃዞች ከቁልፉ ጋር አንድ ዓይነት ነበሩ፤ የአይፒ አድራሻቸውም ከአንድ የአድራሻ ክልል (ተከታታይ የአድራሻዎች ስብስብ) ነበር፤ ሁሉም ሲጠየቁ «የለኝም» ይሉ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ማንኛውም ኖድ መለያውን ራሱ እንዲመርጥ ፈቅደን ነበርና።

ከዚያ በኋላ መለያው፣ በፋይል ማጋሪያው ቢትቶረንት እንደተሠራው፣ ከአይፒ አድራሻው እንዲመነጭ አደረግን፤ ከአንድ የአድራሻ ክልል በማውጫው (አንድ ኖድ የሚያውቃቸው ኖዶች ዝርዝር) ውስጥ የሚገቡትን ኖዶች ብዛት ወሰንን፤ ፍለጋውንም በማይገናኙ የተለያዩ መንገዶች ላክን። አጥቂው አልወጣም፤ ነገር ግን ኖዶቹ በየቦታው ስለተበተኑ አንድን ቁልፍ መክበብ አልቻለም። በካደምሊያ ያለው፣ ምላሽ የሚሰጥን ነባር ኖድ በአዲስ ያለመተካት ደንብም እጅግ ጠቃሚ ስለሆነ እንዳይነካ አጥብቄ እመክራለሁ።

በመግቢያ ላይ የስሌት እንቆቅልሽ ማስፈታትን ግን ብቻውን አልደግፍም፤ ሰርቨር የሚከራይ አጥቂ በቀላሉ ይወጣዋል፣ ደካማ ስልክ የያዘ እውነተኛ ተጠቃሚ ግን ይቸገራል። በቢትኮይን ድምፅ የሚሰጠው በማንነት ብዛት ሳይሆን በስሌት ኃይል ቢሆንም፣ አንድን ኖድ በሐሰተኛ ጎረቤቶች ከብቦ ከሌላው መነጠል እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ግንኙነቶች ከተለያዩ የአድራሻ ክልሎች እንዲመረጡ የሚደረገውም ይህን ለማክበድ ነው።

ኔትወርክዎ አይፒቪ6ን (አዲሱን የአይፒ አድራሻ ሥርዓት) የሚቀበል ከሆነ፣ አንድ ተራ ደንበኛ ብቻውን 2 በ64 ኃይል የሚያህል አድራሻ ሊይዝ ስለሚችል፣ ገደቡን ሲያወጡ በነጠላ አድራሻ ሳይሆን በክልል ይቁጠሩ።